ድንጋዩ ከጥርስ ሲነሳ

ጡረታ ከወጣሁ አምስት ወር ሆነኝ። ንዴቴ ግን ገና ሥራ አልለቀቀም። ጠዋት ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ስር ስሄድ፣ አንድ አዲስ የጥርስ ክሊኒክ በሩ ላይ የሰቀለውን ማስታወቂያ አነባለሁ፦ «ጥልቅ የጥርስ እጥበት በሃያ ደቂቃ፣ ያለ ምንም ሕመም»። በሃያ ደቂቃ እኔ የአንድ ሰው ድድ ለክቼ አልጨርስም ነበር። «ያለ ምንም ሕመም» የሚለውን የጻፈው ደግሞ ወይ የሰው ጥርስ አጥቦ አያውቅም፣ ወይ የራሱን አሳጥቦ አያውቅም። በየቀኑ አነበዋለሁ፤ በየቀኑም ደሜ ይፈላል። በሌላ መንገድ ሂጂ ይሉኛል። ለምን ብዬ እሄዳለሁ? መንገዱ የኔም ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው አፍ ውስጥ ኖሬያለሁ። ሙያዬ የጥርስ ቴራፒስት ይባላል፤ ድሬ ዳዋ ግን ግማሹ «ሲስተር ሙሉ»፣ ግማሹ «ዶክተሬ» ይለኛል። ሁለቱም ልክ አይደለም፤ ለሁለቱም አቤት እላለሁ። መጀመሪያ የተመደብኩት ከከተማ ርቆ ባለ ጤና ጣቢያ ነበር። መብራታችን በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ነው፤ ደመና ከሆነ ሥራ የለም። እዚያ ሦስት ዓመት ሙሉ መንቀል ብቻ ነበር የምሠራው። ሰው ጥርሱ ሲያመው ይመጣል፣ እነቅላለሁ፣ ይሄዳል። ከዚያ ወደ ድሬ ዳዋ ተዛወርኩ፤ መጀመሪያ መንግሥት ቤት፣ ኋላ ከዚራ አንድ የግል ክሊኒክ። ስለ ደሞዙ አላወራም፤ ስለ ደሞዝ የጀመረ ሰው ወሬው አያልቅለትም።

መንግሥት ቤት ነው ጋሽ ኢብራሂምን ያገኘሁት። እኔ ከመወለዴ በፊት ጥርስ ማከም የጀመረ፣ ቀጭን፣ ጥቁር መነጽር ከደረት ኪሱ የማይጠፋ የሐረር ሰው ነበር። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ በመጀመሪያው ቀን ጎንበስ ብዬ «እንዴት አደሩ?» አልኩት።

«አቦ፣ አንተ በይኝ» አለኝ። «እዚህ አገር አንቱ ሲሉኝ የሞትኩ ይመስለኛል።»

አንተ ለማለት ሦስት ወር ፈጀብኝ። እሱ ግን በዚያው ቀን ሥራ ያስተምረኝ ጀመር። ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ ይገባና ኪውሬት የምንላቸውን ጫፋቸው የጎበጠ ቀጫጭን ብረቶች ይደረድራል። ትንሿን መሳያ ድንጋይ ዘይት ጠብ አድርጎባት አንድ በአንድ ይስላቸዋል። ከዚያ በተጣለ የስሪንጅ ፕላስቲክ ላይ ይሞክራቸዋል። ብረቱ ፕላስቲኩን ነክሶ ካልያዘ፣ እንደገና። «የደነዘ ብረት ድንጋዩን አያነሳም፣ ያለሰልሰዋል እንጂ» ይለኝ ነበር። «ከላይ ለስልሶ ከታች የቀረ ድንጋይ ደግሞ ካልተነካው ይብሳል፤ ሰውዬው የዳነ ይመስለዋል።»

ጥልቅ እጥበት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ላስረዳ። ምራቅና የምግብ ርዝራዥ ጥርስ ላይ ሲቆይ ይጠነክርና ድንጋይ ይሆናል። ከድድ በላይ ያለውን ማንም በመስታወት ያየዋል። ክፉው ከድድ በታች የተደበቀው ነው፤ ሥሩን ተጣብቆ ይወርዳል፣ ድዱ ከጥርሱ ይላቀቃል፣ ኪስ ይሠራል፣ ውስጥ ለውስጥ አጥንቱን ይበላል። እኛ ሚሊ ሜትር የተቀረጸበት ቀጭን ዘንግ ኪሱ ውስጥ እየከተትን ጥልቀቱን እንለካለን። ከዚያ አደንዝዘን፣ ከድድ በታች ገብተን፣ ሥሩን እስኪለሰልስ እንፍቃለን። ጋሽ ኢብራሂም እዚህ ላይ ሲደርስ ዓይኑን ይጨፍን ነበር። መጀመሪያ ሳየው ደነገጥኩ፤ ሽማግሌው ያንቀላፋ መሰለኝ። «ከድድ በታች ዓይን ምን ይሠራል?» አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ። «የሚያየው ጣት ነው።» እውነቱን ነበር። ድንጋይ ያለበት ሥር ሲነኩት ይሻክራል፤ የጸዳው ጣት ስር ጸጥ ይላል።

ሌላው ልማዱ ጥያቄው ነው። ታካሚው እንደተቀመጠ ከስሙ ቀጥሎ «በየት በኩል ነው የምትቅመው?» ይለዋል። ድሬ ላይ ይህን የማይጠይቅ ሰው ጥርስ አላከመም። ጫት የሚይዙበት ጉንጭ በኩል ያለው ድድ ሁልጊዜ ሸሽቶ ይገኛል። ስለዚህ ከዚያ ይጀምራል፤ ሌላውን ወገን በሳምንቱ። ግማሽ አፍ ዛሬ፣ ግማሽ አፍ ሌላ ቀን፤ ሰው ሁለቱንም ጉንጩን ደንዝዞ ወደ ቤቱ እንዲሄድ አይፈልግም። ደንዝዘህ አትቃም መባሉን ያልሰማ አንድ የባጃጅ ሹፌር ነበረን፤ ከወንበሩ ተነስቶ በቀጥታ ጫት ሊቅም በርጫ ገባ። በደነዘዘ አፉ ከጫቱ ጋር የራሱን ጉንጭ ሲቅም ውሎ አመሻሽ ላይ ፊቱ አብጦ መጣ። «ወላሂ ዛሬ ጫቱ ጥሩ ነበር» አለን፤ ጋሽ ኢብራሂም ጉንጩን ሲሰፋው እንኳን ሹፌሩ እየሳቀ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ሦስቱ ቃላት ነበሩት። ብረት ሳያነሳ፣ ለታካሚው የእጅ መስታወት ይሰጥና በሰውዬው ቋንቋ፣ በሶማሊኛም በኦሮምኛም በሐረሪም ባማርኛም፣ እንዲህ ይለዋል፦ «ይደማል። ይጠዘጥዛል። ይነቃነቃል።» ይደማል ሁለት ሦስት ቀን፤ አትደንግጥ። ቀዝቃዛ ውሃ ይጠዘጥዝሃል፤ በዚህ ሙቀት በረዶ ያለበት ውሃ ካልጠጣሁ ስለምትል ነው አስቀድሜ የምነግርህ። ሦስተኛው ዋናው ነው። ድንጋዩ ጥርሶችህን እንደ ሲሚንቶ አያይዟቸዋል፤ ሲነሳ መሃላቸው ይከፈታል፣ ትንሽ ይነቃነቃሉ። አጥንቱ ሳስቶ ድንጋዩ ደብቆት ነበር እንጂ እኛ አላሳሳነውም። ድዱ ሲድን ሰብሰብ ብሎ ይይዛቸዋል፤ ሳምንታት ይፈልጋል፤ እስከዚያ አትንካቸው፣ አታስነካቸው። ይህን ብሎ አያበቃም። «ድገምልኝ» ይላል። ታካሚው ሦስቱንም በራሱ አፍ ካልደገመ ብረት አይነሳም። አንድ ነጋዴ ተቆጥቶ «እኔ ተማሪ ነኝ?» ሲለው፣ «እሺ፣ ሂድና ስትፈልግ ና» ብሎ ሰደደው። ሰውዬው በነጋታው መጥቶ ሦስቱንም አነበነበለት።

እኔ ይህን ሁሉ ተምሬ፣ አሥር ዓመት አብሬው ሠርቼ፣ ከእሱ ስለይ የተውኩት ይህችኑ ነው።

የግሉ ክሊኒክ ሥራ አስኪያጅ የባለቤቱ ዘመድ ነበር፤ ጥርስ ከራሱ ሌላ አያውቅም። ከወንበሬ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ሰዓት አሰቀለ። በሁለተኛው ሳምንት ጠራኝ።

«ሲስተር፣ ሰው አታስፈራሪብኝ። ይደማል፣ ይነቃነቃል ብለሽ ከጀመርሽ ማን ይቀመጣል? ሰው የሚመጣው ሊታከም ነው እንጂ ሊማር አይደለም።»

ልከራከር ይገባኝ ነበር። እሺ አልኩ። ካርዱ ላይ «ለታካሚው ምክር ተሰጥቷል» የሚል ሳጥን አለ፤ እሱ ላይ ምልክት ማድረግ ሁለት ሰከንድ ይወስዳል፣ ሦስቱ ቃላት ግን ከነማስደገሙ አሥር ደቂቃ። ሰዓቱ ፊቴ ነው። ምልክቱን ማድረግ ለመድኩ።

ሆዮ ሳህራ የመጣችው የሠርግ ሰሞን ነው። ሆዮ በሶማሊኛ እናት ማለት ነው፤ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ሳቋ ከሱቋ አልፎ የሚሰማ ሴት ነበረች። ደንበኛ የምትይዘው በሳቋ ነው ይባላል። የመጀመሪያ ልጇን ኢፍራህን ልትድር ሦስት ሳምንት ቀርቷታል፤ ጥርሷን አሳጥባ ልጇን ልታጅብ ፈለገች። ወንበሩ ላይ ከመተኛቷ በፊት ሻርፔን በሁለት ጣት ዳበሰችው።

«ይሄን ማን ሸጠልሽ?»

ነገርኳት።

«ተዘርፈሻል፣ ወላሂ። ስትጨርሺ ሱቄ ነይ።»

አፏን ስትከፍት ከታች የፊት ስድስቱ ጥርሶች ከኋላ በኩል በአንድ ወፍራም ድንጋይ ተያይዘው አንድ ጥርስ መስለዋል። ለካኋቸው። ኪሱ መካከለኛ ነው፤ አጥንቱ ከግማሽ በላይ አለ። የሚድኑ ጥርሶች ነበሩ፤ ይህን ዛሬም በማንም ፊት እምላለሁ። ውጭ ሰው ተሰልፏል፣ ሰዓቱ ይሄዳል። ግማሽ ግማሹን ማለቴን ትቼ የታችኛውን መንጋጋ ሙሉውን አደነዘዝኩና በአንድ ቁጭታ ፋቅኩት። ጥሩ ሠራሁ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጣቴ ስር ጸጥ እስኪል ድረስ ነበር የሠራሁት። በሕይወቴ በደንብ ከሠራኋቸው ሥራዎች አንዱ ነው። መስታወት አልሰጠኋትም። «አለቀ፣ አብሽሪ፣ በአሥራ አምስት ቀን ተመለሺ» አልኳት። ሳጥኑ ላይ ምልክት አደረግሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሌላ ሰው እያከምኩ ሳለ ከእንግዳ መቀበያው የእሷን ድምፅ ሰማሁ። ተራ የምታስይዘው ልጅ እየሳቀች በበሩ ብቅ አለች።

«ሲስተር፣ ያቺ የትናንቷ ሴትዮ፣ ድንጋዬን መልሱልኝ ትላለች። ትናንት ያወጣችሁትን መልሳችሁ ለጥፉልኝ ነው የምትለው።»

እኔም ሳቅሁ።

ይህን ለመጻፍ ብዬ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። ሳቅሁ። ከጭንብሌ ስር ሳቅሁ፣ ብረቴን አላስቀመጥኩም፣ «በቀጠሮዋ ትምጣ በያት» አልኩ። ከበሩ እስከ ወንበሬ ስድስት እርምጃ ነው። ስድስት እርምጃ ሄጄ ሦስት ቃል መናገር አቃተኝ።

ሴትየዋ ምን ነካት? ያልነገርኳት ነገር ሁሉ ነካት። ማደንዘዣው ሲለቃት ምላሷን ወደ ፊት ላከች፤ ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቀው ግድግዳ የለም። በጥርሶቿ መሃል አየር ይገባል፣ ስትነካቸው ይንቀሳቀሳሉ፣ ውሃ ስትጠጣ እስከ ጆሮዋ ይጠዘጥዛታል። ድንጋዩ ይዟቸው እንደነበር ማንም ሳይነግራት ገባት። ቆይ፣ ከኔ ክሊኒክ ሥራ አስኪያጅ የበለጠ ጥርስ ታውቃለች ማለት ነው። ይዞኝ የነበረውን መልሱልኝ ማለት ምኑ ያስቃል? ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ ትክክለኛ መልስም ነበረው።

መልስ ስታጣ ወደ ዘመዶቿ ሄደች። ከድሬ ወጣ ብሎ መልካ ጀብዱ ያለች አክስቷ፣ የተነቃነቀ ጥርስ የሞተ ጥርስ ነው፣ በሠርጉ ዕለት ሩዝ ላይ ከሚወድቅና ከምትዋረጂ አሁኑኑ ይውጣ አለቻት። እዚያ ጥርስ የሚነቅል ሽማግሌ አለ። ስድስቱንም በአንድ ጠዋት ነቀላቸው።

በአራተኛው ቀን ክሊኒኩ መጣች። ተራም አልያዘች፣ በሩንም አላንኳኳች። አፏን በሻሿ ሸፍናለች። መሃረብ ፈታችና ስድስቱን ጥርሶች የብረት ሳህኔ ላይ አፈሰሰቻቸው።

«ናያ፣» አለችኝ፤ በሶማሊኛ ሴትን በቁጣ ሲጠሩ እንዲህ ነው። «ከድንጋዩ ጋር ጥርሴን ወሰድሽ።»

አንዱን አንስቼ አየሁት። ሥሩ ረጅም ነው፤ ድንጋይ የሚባል የለበትም፤ የኔ ብረት ያለፈበት ሁሉ ነጭ ሆኖ ያበራል። ጋሽ ኢብራሂም ቢያየው ይኮራብኝ ነበር። እንደዚያ የጸዳ ሥር ከድድ ውጭ ሆኖ፣ በእጄ ይዤ አይቼ አላውቅም፤ መታየትም አልነበረበትም። የታካሚው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ማውራት ጀመርኩ። ይደማል፣ ይጠዘጥዛል፣ ይነቃነቃል፣ ድዱ ሲድን ይይዛቸዋል፣ ሁሉንም ነገርኳት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እሷ ቆማ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ስጨርስ ጥርሶቿን አንድ በአንድ መሃረቧ ውስጥ መልሳ፣ ልትቀብራቸው ይዛ ሄደች። በልጇ ሠርግ ላይ እጇን ከአፏ ላይ ሳታነሳ እንደዋለች ከሰው ሰማሁ። ሱቋ የሄደ ሰውም ሳቋን መስማት አቆመ።

ጋሽ ኢብራሂም ያኔ ዓይኑ ደክሞ ቤት ውሏል። ሄጄ ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር።

«ሥሩ ንጹሕ ነበር?» አለኝ።

«ንጹሕ ነበር።»

«አስደግመሻት ነበር?»

«አላስደገምኳትም።»

«እንግዲያው ንጹሕ አድርገሽ ነቀልሽ» አለኝ። «ሽማግሌው ጉጠቱን ብቻ ነው የያዘው።»

ሻይ አስቀዳልኝ፤ አልጠጣሁትም።

በማግስቱ ወንበር ላይ ወጥቼ ያንን ሰዓት ከግድግዳው አወረድኩና ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ ፈርሜ ተቀበልኩ። ከዚያ ጡረታ እስከምወጣ ድረስ ሳላስደግም አንድም አፍ አልነካሁም። ሲስተር ሙሉ ታስፈራራለች ተባልኩ። ሲስተር ሙሉ ታስተምራለች፣ ትጨቀጭቃለች፣ አርጅታለች ተባልኩ። የተመረቁ ልጆች ሲመጡ የማጠቢያ ማሽኑን ከድድ በላይ አሯሩጠው ጥርሱን አንጸባርቀው ሲሸኙ እያየሁ ስጮህ ኖርኩ። እነሱ ደግሞ ጎበዞች ናቸው፣ እጃቸው ከኔ ይፈጥናል፤ ግን አንድም ቀን «ድገምልኝ» ሲሉ አልሰማሁም። ሕዝቡን «ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያላላል ይላል፣ ኋላ ቀር ነው» ይሉታል። ሕዝቡ ኋላ ቀር አይደለም። የተነቃነቀውን በምላሱ ነክቶ ነው የሚናገረው። ያልነገርነው እኛ ነን።

ባለፈው ሳምንት ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሆዮ ሳህራ ናት። አርጅታለች፤ ከታች ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገብታለች። አጠገቧ ልጇ ኢፍራህ ቆማለች፤ ያኔ የተዳረችው፣ ጅግጅጋ ኖራ ሦስት ልጅ ይዛ በቅርቡ የተመለሰችው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳህራ ደጄን ረግጣ አታውቅም። ምን ልበል? «ግቡ» አልኩ።

ሳትቀመጥ ጀመረች። «ድዷ ይደማል። ነገ እዚያ ከዚራ፣ አዲሱ ቤት ቀጠሮ አላት። በሃያ ደቂቃ ነው ያሏት።»

«እኔ እንግዲህ ወንበርም ብረትም የለኝ፣ ሆዮ» አልኳት።

«ብረትሽን መች ፈለግሁ?» አለች። «አፍሽን ነው። ንገሪያት።»

የእጅ መስታወት ከመኝታ ቤቴ አመጣሁና ለኢፍራህ ሰጠኋት። የታች የፊት ጥርሶቿን አሳየኋት፤ እንደ እናቷ ናቸው፣ ከኋላ ድንጋዩ አያይዟቸዋል። ነገ ከድድ በታች ሳይለኩ ብረት ካነሱ ተነሺና ውጪ አልኳት። አደንዝዘው ግማሹን ብቻ ይሥሩልሽ። ከንፈርሽ እስኪነቃ አትብዪ፤ ትኩስ አትቅመሺ። ለብ ባለ የጨው ውሃ ተጉመጥመጪ። በለስላሳ ብሩሽ አጽጂው፤ ደማ ብለሽ አትተዪው። ከዚያ ሦስቱን ቃላት ነገርኳት። ሦስተኛውን ሁለቴ ነገርኳት። ድዱ ሲያገግም ሰብሰብ ይላል፣ ሳምንታት ይወስዳል፣ ካስጨነቀሽ እዚያው የሠራልሽ ሰው ጋ ተመልሰሽ አስለኪው፤ ማንም ግን እንዳይነቅልሽ።

«ድገሚልኝ» አልኳት።

«ይደማል» አለች ኢፍራህ በጣቷ እየቆጠረች። «ይጠዘጥዛል። ይነቃነቃል። ከዚያ ይይዛል።» መስታወቱን አወረደችና መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ እናቷን አየች። እናቷ ጥርሴ በዕድሜ ላልቶ ነው የተነቀለው ብላት እንደኖረች ያን ጊዜ ነው የገባኝ። «ሆዮ» አለቻት፣ «ላንቺም እንዲህ ነግራሽ ነበር?»

ሳህራ ሻሿን አስተካከለች። ዓይኗን ከኔ ላይ አላነሳችም።

«ነግራኛለች» አለች። «ጥርሴን በመሃረብ ይዤ ስመጣ።»